«ለምን?» ተብሎ የተጠየቀ የሽምደዳ ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የ9ኛ ክፍል የጂኦግራፊ ትምህርት የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

በሐዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ 60 ተማሪዎች በሚማሩበት የ9ኛ ክፍል ሴክሽን፣ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተሰጠው የጂኦግራፊ ቴስት ታርሞ ሲመለስ ውጤቱ የሚያስደስት ነበር። የመጨረሻው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሐዋሳ ሐይቅ የሚታይ መውጫ ወንዝ ሳይኖረው ውሃው ጨዋማ ያልሆነው ለምንድን ነው?» መምህርቷ ይህን ያስገቡት ቴስቱ በቃል በተያዘ ነገር ብቻ እንዳይሞላ ብለው ነው። ተማሪዎቹም «ውሃው ከመሬት በታች ሰርጎ ስለሚወጣ» ብለው በትክክል መለሱ።

ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሌላ ነገር ታየ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ መልሱም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መምህርቷ ኖቱን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ «ሲፔጅ» (ስርገት፣ ማለትም የውሃ ወደ መሬት መስረግ) የሚለውን ቃል በጥድፊያ አንድ «ኢ» አጉድለውበት ነበር። ያቺ ፊደል ከወረቀት ወረቀት እየተከተለች ጎድላለች። ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምርበት ቃል፣ ኮማው የገባበት ቦታ፣ የተሳሳተው ፊደል ሁሉ አንድ ነው። እርስ በርስ እንዳልተኮራረጁ ግልጽ ነው፤ ፊትና ኋላ የተቀመጡት፣ በተለያየ ቀን ቴስቱን የወሰዱትም ጭምር እንዲሁ ጽፈዋል። ሁሉም የገለበጡት ከአንድ ቦታ፣ ማለትም በቃላቸው ከያዙት ኖት ነው።

በማግስቱ መምህርቷ አንድ ጥያቄ ብቻ በብጣሽ ወረቀት አስመለሱ፤ ጊዜው 10 ደቂቃ ነበር። «አብያታ ሐይቅም የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውሃው ግን ጨዋማ ነው። ለምን?» ከክፍሉ የሚበዛው «ውሃው ከመሬት በታች ሰርጎ ስለሚወጣ» ብሎ ጻፈ። ትናንት ለሐዋሳ ጨው አልባነት የቀረበው ምክንያት ዛሬ ለአብያታ ጨዋማነት ቀረበ፤ ተቃርኖውን ያስተዋለ ተማሪ ጥቂት ነው።

ደረጃው የት ነው ያለው?

በመምህራን ትምህርት ላይ ያለፈ ሁሉ ስድስቱን የአስተሳሰብ ደረጃዎች ያውቃቸዋል፤ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር። መሠረቱ በ1956 እ.ኤ.አ. በቤንጃሚን ብሉምና በባልደረቦቹ የወጣው ምደባ ሲሆን፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በአንደርሰንና በክራትዎል መሪነት ተከልሷል። በክለሳው ስሞቹ ወደ ግሥ ተለወጡ፣ የላይኞቹ ሁለት ቦታ ተቀያየሩ፣ «ማዋሃድ» የነበረው «መፍጠር» ሆነ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ሥራውን የጀመሩት ፈተና አውጪዎች መሆናቸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ጥያቄ እርስ በርስ ለመለዋወጥ የጋራ መጠሪያ ፈለጉ። ስለዚህ ምደባው ከመነሻው የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ጥያቄ ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ምን ያሠራል?» የሚለውን ነው።

በየትምህርት ቤቱ የሚዞረው ግን የግሦች ሠንጠረዥ ነው። «ዘርዝር» ካለ ማስታወስ፣ «አብራራ» ካለ መረዳት፣ «ለምን» ወይም «አነጻጽር» ካለ መተንተን። መምህርቷም ቴስቱን ያወጡት በዚሁ ሠንጠረዥ ነው፤ በሠንጠረዡ መሠረት የመጨረሻው ጥያቄ ትንተና ነበር። ሠንጠረዡ የማያሳየው ግን ተማሪው ወደ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ምን እንደተሰጠው ነው። መልሱ ኖት ውስጥ ተጽፎ ከተሰጠ «ለምን» የሚለው ጥያቄ «ዋና ከተማዋ ማን ትባላለች?» ከሚለው አይለይም። በተገላቢጦሽ፣ ተማሪው አይቶት የማያውቀው መረጃ ፊቱ ከተቀመጠ «ስንት ነው?» የሚል ተራ ጥያቄ ትንተና ሊጠይቅ ይችላል። ደረጃውን የሚወስነው በጥያቄው ቃልና በተማሪው የቀደመ ትምህርት መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ሴክሽን የቀረበበት ምክንያትም ይኸው ነው፦ ርቀቱ ዜሮ የነበረበት ጥያቄ እንዴት እንደተስተካከለ ያሳያል።

እዚህ ላይ ሽምደዳን ጠላት ማድረግ ስህተት ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱን፣ እርባታውን፣ የቅኔውን ዓይነትና ልክ በቃሉ ይይዛል፤ በዚያ የቆመ ግን ባለቅኔ አይባልም። በያዘው ላይ ቆሞ ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን ቅኔ ቆጥሮ (ማለትም ራሱ አዲስ ደርሶ) ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቃናለታል። የሌላ ሰው ቅኔ ደግሞ ማቅረብ እንደ ቆጠራ አይያዝለትም። ከማስታወስ እስከ መፍጠር ያለው መንገድ በአንድ ቀን ውሎ ውስጥ አለ፤ ደረጃዎቹም አንዱ አልቆ ሌላው የሚጀመርባቸው ክፍሎች አይደሉም። በዚህ የጂኦግራፊ ክፍል የጎደለው ቆጠራው ነበር።

አራቱ ክፍለ ጊዜዎች

ትምህርቱ በአራት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንደገና ታቀደ። ኖቱ እስከ አራተኛው መጨረሻ ድረስ አልተጻፈም።

የመጀመሪያው በማስታወስ ተጀመረ። ደብተር ተዘግቶ፣ በ8 ደቂቃ ውስጥ፣ የሚያስፈልጉት ቃላት ብቻ ተጠየቁ፦ ትነት፣ ገባር ወንዝ፣ ተፋሰስ፣ ስርገት። ቃሉን ያልያዘ ተማሪ በቀጣዩ ክርክር ስለማይገባ ይህ አልተዘለለም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ ሐዋሳ ሐይቅን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስሎ፣ የሚገባውን ውሃ በቀስት ወደ ውስጥ፣ የሚወጣውን በቀስት ወደ ውጭ አሳየ። ዝናቡንና ከጨለለቃ ረግረግ የሚመጣውን ጥቁር ውሃ ወንዝ ሁሉም አስገባ። የሚወጣው ቀስት ላይ ብዙዎቹ ትነትን ብቻ ሳሉ።

ስዕሉ ቴስቱ ፈጽሞ ያላሳየውን ነገር አወጣ። ጨው በየት እንደሚሄድ በሌላ ቀለም እንዲስሉ ሲጠየቁ፣ ከትነቱ ቀስት ጋር ጨውንም ወደ ሰማይ የላኩ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። ውሃ ሲተን ጨዉን ይዞ ይሄዳል ብለው የሚያምኑ ከሆነ የሐዋሳም የአብያታም ጉዳይ ሊገባቸው አይችልም፤ ለእነሱ መውጫ ያጣ ሐይቅ ጨዋማ የሚሆንበት ምንም ምክንያት የለም። በትክክል የተሸመደደው መልስ ይህን ሁሉ ሸፍኖት ቆይቷል።

ማስተካከያው ከማድቤት መጣ። ለቤት ሥራ የተሰጠው፦ ድስት ውስጥ ሩብ ያህል የሚጠጣ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ክዳኑን ገጥሞ በዝግተኛ እሳት ማሞቅ፣ ከዚያ ክዳኑን አንስቶ ሲቀዘቅዝ ከክዳኑ ሥር ያለውን ጠብታ መቅመስ። የክዳኑ ውሃ ጨው የለውም፤ የድስቱ አለው። ይህ ሙከራ የሚበላሽበት አንድ መንገድ አለ፤ ተበላሽቶም ነበር። ድስቱ ከግማሽ በላይ ከተሞላ ወይም እሳቱ ከበረታ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ክዳኑ ላይ ይረጫል፤ ያኔ ክዳኑ በእርግጥም ጨው ጨው ይላል፤ የተሳሳተው እምነት ተረጋግጦ ቤት ይቀራል። ሁለት ተማሪዎች «የእኔ ጨው አለው» ብለው መጡ። መምህርቷ «ተሳስታችኋል» አላሉም፤ ምን ያህል ውሃ እንዳደረጉ ጠየቁ። ጠብታው ከየት እንደመጣ ለመለየት የተደረገው ክርክር ራሱ ከታቀደው ትምህርት በላይ ጠቀመ። የሐይቅ ውሃ ለዚህ ሙከራ አይቀመስም፤ የወጥ ቤት ጨውና የሚጠጣ ውሃ ይበቃል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እውቀቱ ቁጥር ላይ ዋለ። ሁለት የምናብ ሐይቆች ተሰጡ፤ እያንዳንዳቸው 100 ጀሪካን ጨው አልባ ውሃ ይይዛሉ። በየዓመቱ 10 ጀሪካን ይገባባቸዋል፤ የሚገባው እያንዳንዱ ጀሪካን 1 ማንኪያ ጨው አለው። ከመጀመሪያው ሐይቅ 10 ጀሪካን ይተናል። ከሁለተኛው 6 ይተናል፣ 4 ከሥር ይሰርጋል። ጥያቄው፦ የእያንዳንዱ ሐይቅ ጨው የት ይደርሳል?

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ በየዓመቱ 10 ማንኪያ ይጨምራል፣ ማቆሚያ የለውም። ሁለተኛው ላይ ክፍሉ ተያዘ። የተለመደው ስህተት «4 ጀሪካን ስለወጣ በየዓመቱ 4 ማንኪያ ይወጣል» የሚል ነው። ይህ የሚያሳየው ተማሪው የሚሰርገው ውሃ የሐይቁን ጨዋማነት ይዞ እንደሚወጣ አለማገናዘቡን ነው። መምህርቷ አጭር ሠንጠረዥ አስያዙ። ሐይቁ ውስጥ 50 ማንኪያ ጨው ሲኖር አንዱ ጀሪካን ግማሽ ማንኪያ ይይዛል፤ 4ቱ ይዘው የሚወጡት 2 ማንኪያ ነው። 100 ሲኖር 4 ይወጣል። 200 ሲኖር 8። 250 ሲኖር 10፤ የሚገባውም 10። እዚህ ላይ ጨዉ መጨመሩን ያቆማል። ሐይቁ ከገባሩ ወንዝ ሁለት ተኩል እጥፍ ብቻ ይጨውና ይረጋል። ትንሽ ስርገት ትልቅ ሐይቅን ከጨው ያድናል የሚለው ነገር በቁጥር ሲታይ ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ይህን ማንም አላስጻፋቸውም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ለትንተና ነበር። ሰሌዳው ላይ ስለ አራት ሐይቆች የታወቀው ነገር ብቻ ተጻፈ። ዝዋይ (ደንበል)፦ መቂና ካታር ይገቡበታል፣ ቡልቡላ ይወጣል፣ ጨው አልባ። አብያታ፦ ቡልቡላ ይገባበታል፣ የሚወጣ የለም፣ ጨዋማ። ሻላ፦ የሚወጣ የለም፣ ጨዋማ፣ ከ200 ሜትር በላይ ጥልቅ። ሐዋሳ፦ ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ ጨው አልባ፣ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ብዙ አይርቅም። ሥራው ሁለት ነው፦ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ፈልጉ፤ ከዚያ ደንቡን የሚያፈርሰውን ሐይቅ ፈልጉ። «መውጫ ያለው ጨው አልባ፣ የሌለው ጨዋማ» የሚለው ደንብ በአምስት ደቂቃ ተገኘ። ሐዋሳ ግን አልገባ አለ። ደንቡ እንዲድን ከተፈለገ ሐዋሳ የማይታይ መውጫ ሊኖረው ግድ ነው። በቴስቱ ላይ የተሸመደደው ዓረፍተ ነገር አሁን ተማሪዎቹ በራሳቸው መንገድ የደረሱበት ማጠቃለያ ሆነ። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ጭንቅላት ውስጥ የተሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው።

አራተኛው በግምገማ ተጀመረ። ሁለት የሚያሳምኑ የሚመስሉ አባባሎች ቀረቡ። አንዱ፦ «ሐዋሳ ጨው አልባ የሆነው የሚገባው ወንዝ ጨው አልባ ስለሆነ ነው።» ይህን የሚጥለው ማስረጃ ሰሌዳው ላይ አለ፤ ቡልቡላም የሚነሳው ጨው አልባ ከሆነው ዝዋይ ነው፣ አብያታ ግን ጨዋማ ነው። ሌላው፦ «ጥልቅ ሐይቅ ጨው አልባ ይሆናል፤ ጨዉ ከሥር ስለሚዘቅጥ።» ይህን ሻላ ይጥለዋል። መገምገም የተባለው «የቱ ትክክል ይመስልሃል?» ብሎ አስተያየት መጠየቅ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል፤ ተማሪው የትኛው መረጃ የትኛውን አባባል እንደሚጥል በጣቱ ማሳየት አለበት።

በቀሪው ጊዜ የመፍጠር ሥራ ተሰጠ፦ ሐዋሳ ሐይቅ በእርግጥ እንደሚሰርግ ለማወቅ ምን ምን መለካት እንዳለበት እቅድ አውጡ። ፖስተር እንዲሠሩ ማድረግ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ የተገለበጠ ባለቀለም ፖስተር እጅን እንጂ ሐሳብን አያሠራም። ጥሩዎቹ እቅዶች ዳር ላይ የሚተከል ባለሴንቲሜትር እንጨት፣ ትነቱን ለማወቅ ከሐይቁ አጠገብ የሚቀመጥ በውሃ የተሞላ ሰፊ ገበታ፣ የጥቁር ውሃን ፍሰት መለካትንና የዝናብ መለኪያን አካተቱ፤ የገባው ከተነነው በልጦ የሐይቁ ከፍታ ካልጨመረ ልዩነቱ የሰረገው ነው። ባለሙያ የውሃ ሚዛን የሚያሰላውም በዚሁ መንገድ ነው። ደካሞቹ እቅዶች «በጥናት ይረጋገጣል» ብለው ቆሙ።

የተበላሸውና ምክንያቱ

የቡድን ሥራው መጀመሪያ በ1 ለ 5 አደረጃጀት ነበር። አልሠራም። ጎበዙ ጻፈ፣ ሌሎቹ ስማቸውን አስገቡ። ችግሩ ስንፍና አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ወረቀት ላይ ማጎንበስ አይችልም፤ የራቀው ከሐሳቡም ይርቃል። ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ሥራው በዴስክ ሆነ፤ ሦስት ሦስት ሆነው በተቀመጡበት፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ ለ3 ደቂቃ ብቻውን ጽፎ፣ ከዚያ ተወያይቶ። መምህርቷ ከሦስቱ የማንን ወረቀት እንደሚወስዱ አስቀድመው አይናገሩም። 60 ወረቀት የነበረው እርማትም 20 ሆነ። ሸክሙ እንዲህ ካልቀለለ መምህሩ በሁለተኛው ሳምንት ወደ እውነት/ሐሰት መመለሱ አይቀርም።

ቋንቋው ከሁሉ የከበደ ነበር። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጽፎ ያቆመ ተማሪ፣ ለጎረቤቱ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ሲያስረዳ የትነቱንና የስርገቱን ልዩነት አንድ በአንድ ያወጣዋል። ወረቀቱን ብቻ ያየ መምህር ይህን ልጅ «ገና ማስታወስ ላይ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ይህ በልጁ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። መፍትሔው፣ ውይይቱና የመጀመሪያው ረቂቅ በሚቀላቸው ቋንቋ፣ የመጨረሻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ በእንግሊዝኛ። ለእንግሊዝኛው መነሻ ሐረግ ሰሌዳ ላይ ተሰጠ፤ ሐሳቡ ግን አልተሰጠም። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ አንድ ቀን ሐረጉ ስለረዘመ መልሱ ሁሉ እንደገና አንድ ዓይነት ሆኗል።

ዝምታም ነበር። «ለምን?» ተብሎ ተጠይቆ እጅ ሳይነሳ ሲቀር፣ መምህር በሁለት ሰከንድ ውስጥ ራሱ ይመልሳል። ተማሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ትንሽ ከጠበቁ መልሱ ይመጣል። መምህርቷ ከጥያቄው በኋላ በልባቸው እስከ 10 መቁጠር ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ።

«አገር አቀፉ ፈተና ምርጫ ነው፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ከወላጅም ከባልደረባም መጣ። ተገቢ ስጋት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የማያስታውስ የለም። ምርጫ ጥያቄ ግን የግድ የሽምደዳ አይደለም። ይኸው ምሳሌ፦ «አንድ ሐይቅ በየዓመቱ 12 ጀሪካን ይገባበታል፣ እያንዳንዱ 1 ማንኪያ ጨው አለው፤ 9 ይተናል፣ 3 ይሰርጋል። ጨዋማነቱ በአንድ ጀሪካን ስንት ማንኪያ ላይ ይረጋል? ሀ) 1 ለ) 3 ሐ) 4 መ) አይረጋም።» መልሱ ሐ ነው። «ሀ» የመረጠ ትነት ጨውን ይወስዳል ብሎ ያስባል፤ «ለ» የመረጠ የሚሰርገውን ቁጥር ገልብጧል፤ «መ» የመረጠ ስርገቱን ረስቷል። የተሳሳተው ምርጫ የትኛው ክር እንደተበጠሰ ለመምህሩ ይናገራል፤ የ60 ተማሪ እርማትም በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

የመጨረሻው ጥያቄ

ክፍሉ በቃል ይዞት ሊመጣ የማይችለውን ለማየት መዝጊያው ቴስት ሐይቅን ጨርሶ ተወ። «በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ፣ በአዋሽ ውሃ በመስኖ ሲለማ የቆየ መሬት ጨው ወጣበት። የአዋሽ ውሃ ጨዋማ አይደለም። ጨዉ እንዴት ሊከማች ቻለ? በስዕል አሳይ።» ነጥቡ 4 ነው፦ ለሚገባው ቀስት 1፣ ለሚተነው 1፣ ጨዉ የሚቀርበትን ቦታ ላሳየ 1፣ መፍትሔ ከምክንያት ጋር ላቀረበ 1።

የመጣው መልስ የተለያየ ነበር፤ ዋናው ለውጥም ይኸው ነው። አንዳንዶች እርሻውን እንደ ሳህን ስለው «መውጫ የለውም» ብለው የማፍሰሻ ቦይ ጨመሩ። ሌሎች የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ ከሥር ጨው ይዞ እንደሚመጣ ጻፉ፤ በአሚባራ በእርግጥም ይህ አንዱ ምክንያት ስለሆነ ሙሉ ነጥብ አገኙ። «ውሃው ከመሬት በታች ሰርጎ ስለሚወጣ» የሚለውን የጻፉም አልጠፉም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የጨዉ ሠንጠረዥ በተያዘበት ቀን፣ የቀሩ ተማሪዎች በአብዛኛው በዚህ ውስጥ ነበሩ፤ ኖት ከጓደኛ ተውሶ መገልበጥ ያን ቀን ሊተካላቸው አልቻለም።

ለቀጣዩ ምዕራፍ፣ ለአፈር መሸርሸር፣ መምህርቷ ሦስት ነገር አቆዩ። የ8 ደቂቃው የቃላት ወረቀት እንዳለ ቀጠለ። ከሦስት አንዱን ወረቀት የመውሰዱ ልማድ ቀጠለ። ኖቱ ደግሞ ከክርክሩ በኋላ ይጻፋል፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ዓረፍተ ነገር የሚናገሩት ተማሪዎቹ ናቸው፣ ፊደል ከጎደለም የሚያርሙት እነሱ።